ማን ጠፍቶ፣ ማን ተገኘ?

«ተገኘ» ንጹሕ ቃል ነው፤ ማንንም አይሰድብም። ልጅ ጠፍቶ ሲገኝ እልል ይባልበታል፣ በሬ ጠፍቶ ሲገኝ ስለት ይገባበታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ቃል ከሙዚቃ ጋር ተጎዳኝቶ በመጣ ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኛል። የተረሱት የፒያኖ ደራሲ ተገኙ፣ የጠፋው ቅጂ ተገኘ፣ ዓለም በመጨረሻ አገኛቸው የሚል ዓይነት ርዕስ በጋዜጣውም፣ በሬዲዮውም፣ በየስልኩም ይዞራል። እኛም እልል እንላለን። እስቲ እልልታውን አንድ አፍታ ያዝ እናድርገውና እንጠይቅ። ማን ጠፍቶ ነው ማን የተገኘው? መቼም አንድ ዕቃ ተገኘ ከተባለ የጣለው ሰው አለ። ያ ሰው ማን ነው? ለምንስ ስሙ በዜናው ውስጥ አይነሳም?

ነገሩ ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንደሚወስደን አንባቢ ሳይገምት አልቀረም። ታሪካቸውን ብዙዎቻችን አሁን አሁን ቁንጽል ቁንጽሉን እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ባጭሩ ልበለው። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ ሸክላዎቹ በዚያው አቆጣጠር ነው የተመዘገቡት። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የደራሲዋና የፓርላማ አባሏ የስንዱ ገብሩ እህት ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ጣሊያን ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። እንግሊዝ ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት በር ሲከፈት፣ መውጫው ፈቃድ ተከለከለ። በዚያ ኀዘን ዓለምን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ ዓመታት በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ከዚያስ? በኋላ ጎንደር ሳሉ፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ከየአገሩ የመጡ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ ተኮራምተው ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሸክላ ታተመላቸው፤ ገቢው ለችግረኞች ሆነ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ፒያኖ ጋር፣ ኖረው ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን «መገኘታቸውን» እንቁጠር። በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 21ኛውን ቁጥር ለእርሳቸው ሰጠ፤ ፓሪስ ታተመ። በ2013 ማያ ዱኒየትስ የተባለች እስራኤላዊት ሙዚቀኛ፣ እማሆይ በፌስታል ሞልተው ያስረከቧትን የኖታ ወረቀት አስተካክላ በመጽሐፍ እንዲወጣ አደረገች፤ ሥራዎቻቸውም እዚያው ኢየሩሳሌም በመድረክ ተሰሙ። በ2017 የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ ዘጋቢ ዝግጅት ሠራላቸው። በ2021 «ፓሲንግ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ከፒያኖ ሥራዎቻቸው አንዱን ይዞ ወጣ። በ2024 ደግሞ ሚሲሲፒ ሬኮርድስ የተባለ የኦሪገን አሳታሚ «ሱቬኒርስ» የሚለውን ቅጂ አወጣ። ይህኛው ልብ ይባልልኝ። በዚህ ቅጂ እማሆይ ያዜማሉ፤ የሚያዜሙት በአማርኛ ነው። የተቀረጸው ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ፣ በቤተሰባቸው ቤት፣ በተራ ቴፕ ነው። በአማርኛ የተዜመ፣ አዲስ አበባ የተቀረጸ፣ ስለ አገርና ስለ ስደት የሚናገር ድምፅ አርባ ዓመት አካባቢ ቆይቶ ለሕዝብ ጆሮ የበቃው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ በኩል ነው።

ፓሪስ፣ ኢየሩሳሌም፣ ለንደን፣ ኦሪገን። አዲስ አበባ በዝርዝሩ ውስጥ አለች፤ ግን የተቀረጸባት ቦታ ሆና እንጂ ያስቀመጠች ሆና አይደለም።

ይህን ስል ፈረንጆቹን ልወቅስ አይደለም። ለፋልሴቶም ለዱኒየትስም ምስጋና ይገባል። የተቀረውን ያተረፉት የራሳቸው የእማሆይ ዘመዶች ናቸው፤ በስማቸው ፋውንዴሽን አቋቁመው፣ ወረቀቱን ሰብስበው፣ መብቱን አስከብረው። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ፣ አንዲት እስራኤላዊት፣ አንድ ቤተሰብ አለ። አገር የሚባለው ባለ ማኅተም ባለ ሕንፃ አካል ግን የለም። ጠቡ ከዚያ አካል ጋር ነው፤ ከእርሱም ይልቅ፣ የእርሱን አለመኖር ሳናስተውል እልል ከምንለው ከእኛ ጋር።

ወደ ቃሏ ልመለስ፤ የቀድሞ ሙያዬ ቃል ማገላበጥ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። «ተገኘ» የተባለ ሌላ ነገር እናውቃለን። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ አገራችንን አይቶ በ1773 አውሮፓ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ገባ። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፋ ያለው መጽሐፍ ነበርና ተገኘ ተብሎ ተጻፈ፤ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። የእኛ ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ ምን የሚሉ ይመስላችኋል? ይስቃሉ። ሄኖክ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ጋር ተቆጥሮ፣ ትርጓሜው ሲሄድ፣ ብራናው ሲያረጅ በሌላ ብራና ሲገለበጥ ኖሯል። ሄኖክን ማንም አላገኘልንም፤ አልጠፋብንማ። ተገኘ ማለት የሚችለው የጠፋበት ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ የጠፋባቸው እነርሱ ነበሩ።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። መብራት፣ ማተሚያ፣ ማቀዝቀዣ ያልነበረው ደብተራ፣ በሸምበቆ ብዕርና በጥላሸት ቀለም፣ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነን መጽሐፍ አንዲት ምዕራፍ ሳያጎድል አስረከበን። እኛ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተ መዛግብት፣ ኮምፒዩተር ያለን፣ የስልሳ ዓመት ሸክላ ጠፋብን፤ ሲገኝም ከሌላው ዓለም ጋር አብረን «ተገኘ» አልን። ሄኖክ ላይ ባለቤት ነበርን፤ ፒያኖው ላይ ቱሪስት ሆንን። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ደብተራው ገንዘብ ስለነበረው አይደለም። ደብተራው መጠበቅ ማለት መገልበጥ ማለት መሆኑን ያውቅ ነበር። የድጓ ተማሪ ድጓውን በራሱ እጅ ጽፎ ነው የሚወጣው፤ ምልክቱን ከነቁጥሩ፣ ከነደረቱ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የዜማ ምልክት እስከ ዛሬ የሚነበበው ከሣጥን ውስጥ ስለተቆለፈበት ሳይሆን ከሣጥን ውስጥ ስለሚወጣ ነው። ያልተገለበጠ ይጠፋል፤ ያልተዜመ ይረሳል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ነበርን።

የድምፅ ክር ደግሞ ከብራና የባሰ ነው። ብራና ፍየል ነው፤ ይችላል። የሪል ክር ግን ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው። ሙጫው ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ዓመታት ሲቆይ ይላቀቃል፣ ይጣበቃል፣ ማጫወቻው ላይ ሲወጣ ዱቄቱ እየተላጠ ድምፁን ይዞ ይሄዳል። ካሴትም ያው ነው። በዚያ ላይ ማጫወቻው ራሱ ከገበያ ጠፍቷል፤ መለዋወጫ የለውም፤ የሚጠግነው ሰውም እያረጀ ነው። ስለዚህ መዝገብ ቤት የተቀመጠ ክር ተጠብቋል ማለት አይደለም፤ እዚያው ሆኖ ቀስ በቀስ እየሞተ ነው። ወደ ኮምፒዩተር ካልተገለበጠ፣ ከዚያም በሁለት በሦስት ቦታ ካልተቀመጠ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የሬሳ ቤት ዘበኛ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ አንድ የቆየ ቅጂ ለማዳመጥ ጠይቄ ነበር። ስሙን ተዉት። አንድ ትሑት ሰው ተቀበሉኝ፤ መዝገቡን ገልጠው ቁጥሩን አገኙት፤ መደርደሪያው ጋ ሄደው ካርቶኑን አወረዱት። ካርቶኑ ላይ የምፈልገው ርዕስ በቀይ እስክሪብቶ ተሠርዞ በሰማያዊ «ስብሰባ» የሚል ተጽፎበታል። ክር እጥረት ነበር አሉኝ። በዚያ ክር ላይ አሁን ያለው የአንድ ግማሽ ቀን ስብሰባ ነው፤ እርሱንም ማን እንደሚያዳምጠው እንጃ። ሰውየውን አልወቀስኩም፤ ያን ጊዜ ያዘዛቸው ሌላ ነው። ይህን የማነሳው፣ መጥፋት ሁልጊዜ በእሳትና በጦርነት እንደማይመጣ ለማስታወስ ነው። ብዙውን ጊዜ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይመጣል።

«እሺ፣ እማሆይ ተርፈዋል፤ ምን ያነጫንጭሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። መልካም። እንግዲያው ሌላ ስም ልጥራ፤ ፈረንጅ ገና «ያላገኘውን»።

አሸናፊ ከበደ።

ይህን ስም በአንድ ወቅት አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቼ ጠርቼው፣ ሻጩ ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ አዲስ ነው ወይስ የቆየ ዘፋኝ?» ብሎኛል። ልጁ አላጠፋም። ማን ነግሮት ያውቃል? አሸናፊ ከበደ በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ ኢስትማን በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ዛሬ ያሬድ የምንለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መሩ። ለኦርኬስትራ የጻፉት «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለ ሥራ አላቸው፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ራሳቸው እየመሩ የሀንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። አስቡት፤ የአገራችን እረኛ ዋሽንት፣ በቡዳፔስት ሙዚቀኞች እጅ፣ በአንድ አበሻ በትር እየተመራ። በኋላ «ኮቱሬዥያ» በተባለ ሥራ የጃፓኑን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር አዋደዱ። በ1971 አሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ጨረሱ። ስለ ክራር፣ ስለ ዜማችን በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ጻፉ፤ በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥር መጽሐፍ አሳተሙ። ልብ ወለድም ጽፈዋል፤ በእንግሊዝኛ፣ «ኑዛዜ» ማለት የሆነ ርዕስ ያለው፣ በ1964። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው በ1998 እዚያው አሜሪካ ዐረፉ።

አሁን ፈተናውን ልስጥ። የተማረ አንባቢ ነህና፣ ነሽና፣ እስቲ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማህበት ቀን መቼ ነው? ኖታውን ያየህበትስ? ልጅህ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙን ሰምቶ ያውቃል? በአገር ውስጥ ኦርኬስትራ በየዓመቱ ባይሆን በየአሥር ዓመቱ ተጫውቶት ያውቃል? እኔ ሥራውን የሰማሁት ከኢንተርኔት ላይ፣ አንድ ደግ ሰው ከሸክላ ገልብጦ ካስቀመጠው፣ ፍርፍር ከሚል ቅጂ ነው። ሰምቼ ስጨርስ ደስታዬ ለአምስት ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ንዴት ነው። ዋሽንቱ ሲገባ የማውቀው ነገር ነው፤ ሜዳው፣ ከብቱ፣ ያ ብቸኝነት። ኦርኬስትራው ሲቀበለው ደግሞ ከዚህ በፊት ሰምቼ የማላውቀው ነገር ሆነ። ይህ ነገር የእኔ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የእኔ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም።

እንግዲህ ልዩነቱን አያችሁ? እማሆይን አንድ ፈረንሳዊ ሰማቸው፤ እኛም ሰማናቸው። አሸናፊን ያ ፈረንሳዊ ወይም ወንድሙ እስኪሰማቸው ድረስ እኛ አንሰማቸውም። ጆሯችን የራሳችን አይደለም ማለት ነው፤ ያከራየነው ጆሮ ነው፤ ተከራዩ ሲፈቅድ ብቻ እንገባበታለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለእኛ ያንሰናል፤ ያ ልጅ ቢያንስ መጠማቱን ያውቃል።

የሚነሡትን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ ልግጠማቸው።

አንደኛው፣ «ይህ የእኛ ሙዚቃ አይደለም፤ ፒያኖና ኦርኬስትራ የፈረንጅ ነው» የሚለው ነው። እሺ፤ ሳክስፎኑስ? ትራምፔቱስ? ወርቃማው ዘመን እያልን የምናለቅስለት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወተው በማን መሣሪያ ነው? በ1924 አዲስ አበባ የገቡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች የነፉት ናስ ከየት መጣ? ከመሣሪያው አልፌ ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ልብ ወለድ የሚባለውስ ነገር ከየት መጣ? የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በኋላ «ጦቢያ» ብለን የጠራነው፣ በ1908 ሮም ነው የታተመው። ማንም ግን የአማርኛ ልብ ወለድ የጣሊያን ነው ብሎ አያውቅም። ክፍል ውስጥ እናስተምረዋለን፤ ፈተና እናወጣበታለን። መሣሪያው ከውጭ ቢመጣም የገባው ነፍስ የማን ነው የሚለውን መጠየቅ ለመጽሐፍ ከተፈቀደ ለፒያኖ ለምን ይከለከላል? እማሆይ ሲጫወቱ ቀኝ እጃቸው የሚሄደው በቅኝታችን ነው፤ ግራ እጃቸው ከአውሮፓ የተማረውን ይዞ ይከተላል። አንዳንዴ ምቱ ይንገዳገዳል፤ አውሮፓዊ ጆሮ «ሰዓት አይጠብቁም» ይላል። ቅኔ ማኅሌት ቆሞ ያደገ ጆሮ ግን ያ አለመቸኮል ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።

ሁለተኛው፣ «ይህ የባላባት ልጆች ሙዚቃ ነው» ይላል። ይህ ክርክር የእኔ ትውልድ ክርክር ነው፤ ስለዚህ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። አዎ፣ እማሆይ የከንቲባ ልጅ ናቸው፤ በዘመኑ ስዊዘርላንድ የሚላከው የማን ልጅ እንደነበር ግልጽ ነው። ነገር ግን ሸክላው የታተመው ለማን ሆኖ ነው? ደጅ ለሚያድር የቆሎ ተማሪ። አሸናፊስ ለኦርኬስትራ ሲጽፉ ማንን ጻፉ? ልዑሉን ነው ወይስ እረኛውን? እረኛውን በኦርኬስትራ አምሳል ሲያገኘው «የባላባት ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ለእረኛው የሚቆረቆር አይደለም፤ እረኛው ከዋሽንቱ ሌላ እንዳይመኝ የሚፈልግ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ነው። «አገሩ ደሃ ነው፤ ዳቦ ይቀድማል።» ዳቦ ይቀድማል፤ ክርክር የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሙዚቃ የሚወጣ ገንዘብ የለም ወይስ ለዚህ ሙዚቃ? ለአንድ ምሽት የሙዚቃ ድግስ የሚተከለው መድረክ፣ የሚለጠፈው ባነር፣ የሚከራየው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያ ወጪ ስንት ካርቶን ክር ይገለበጥ ነበር? የሚያስፈልገው አንድ የሚሠራ የሪል ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ደረቅ ክፍል፣ ሁለት ትጉህ ወጣቶችና አንድ ዝርዝር መያዣ መዝገብ ነው። ሀንጋሪን ተመልከቱ። ትልቅ አገር አይደለችም። ባርቶክና ኮዳይ የተባሉት ደራሲዎቿ ከመቶ ዓመት በፊት ገጠር ለገጠር ዞረው የገበሬውን ዘፈን በሰም ጥቅል ላይ ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ሁለት የዓለም ጦርነት በአገሪቱ ላይ አለፈ፤ ድንበሯ ተቆረሰ፣ መንግሥቷ ተቀያየረ። ጥቅሎቹ ግን ቡዳፔስት በሚገኘው የሕዝብ ባህል ሙዚየም እስከ ዛሬ አሉ። የአሸናፊን ዋሽንት የተጫወቱት ሙዚቀኞች የዚያ አገር ልጆች ናቸው። የገረመኝም እነርሱ መጫወታቸው አይደለም፤ እኛ አለመጫወታችን ነው።

አራተኛው አዲስ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ይሉኛል ወጣቶቹ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያለው ቁንጽል ነው። የደራሲው ስም በስሕተት የተጻፈ፣ ዓመቱ የሌለ፣ ማን እንደተጫወተው ያልታወቀ ነው። ያስቀመጠው ሰው ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ወይም ኩባንያው ቢዘጋው ይሄዳል። ያ ሰውዬ ውለታ ውሎልኛል፤ ግን የአንድ ደግ ሰው የስልክ ክፍያ ላይ የተንጠለጠለ ቅርስ ቅርስ አይባልም። ቤተ መዛግብት ማለት ዛሬ የሚሰማ ሰው ባይኖር እንኳ ለነገ ሰሚ ማስቀመጥ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ ሕግ አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ሥራውን ይጠብቅለታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ከሌባ ይጠብቃል። ከእርጥበት ግን አይጠብቅም። ከሰማያዊ እስክሪብቶም አይጠብቅም። ሃምሳው ዓመት ሲያልቅ ሥራው የሕዝብ ይሆናል ይላል፤ ያን ጊዜ ለሕዝብ የሚረከበው ክር ከሌለ ሕዝቡ የሚወርሰው ባዶ ካርቶን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም፤ ትልቅ ነገር መጠየቅ አለመሥራትን ይወልዳል። ኮሚቴ ይቋቋም፣ ጥናት ይጠና አልልም፤ የኮሚቴውን ስብሰባ ለመቅረጽ ደግሞ ሌላ ክር ይሠረዛል።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን እያንዳንዱ ተመራቂ ከባኽና ከሾፐን ጎን አንድ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ሥራ ከኖታ ላይ ተጫውቶ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ኖታው ከሌለ ከቅጂው እየሰማ ይጻፈውና ያስረክብ። ይህ የድጓ ተማሪው ሥርዓት ነው፤ ከውጭ አልመጣም፤ ዕርዳታ ሰጪም አያስፈልገውም። ሬዲዮዎቻችን ሙዚቃ ባጫወቱ ቁጥር የደራሲውን ስም ይጥሩ። ዜማውን ዳራ አድርጎ በላዩ ላይ ማውራት ይቅር፤ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ድረስ ዝም ብሎ ማስደመጥ ይለመድ። ክር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ምን እንዳላቸው ይዘርዝሩና ዝርዝሩን ለሕዝብ ያውጡ። መገልበጡ ዓመታት ቢወስድ ዝርዝሩ የሳምንታት ሥራ ነው፤ የለም ከተባለም የለም ይባል፤ ቢያንስ ምን እንደጠፋብን እንወቅ። ጋዜጠኞች ወዳጆቼ ደግሞ «ተገኘ» ብለው ከመጻፋቸው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ የት ነበር፣ ማን ይዞት ነበር፣ ለምን አልተሰማም? ያን ጊዜ ዜናው ከእልልታ ወደ ጥያቄ ይለወጣል።

እኛ ተራ አንባቢዎችስ? እኛም አናመልጥም። በየቤታችን፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ካርቶን አለ። የአባት ሸክላ፣ የአክስት ካሴት፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ የኖታ ወረቀት። የእማሆይም ኖታ የኖረው በፌስታል ነው፤ ስለዚህ ፌስታል አይናቅም። ቤት ሲለወጥ፣ አዛውንት ሲያርፉ፣ ያ ካርቶን መጀመሪያ የሚወጣው ወደ ደጅ ነው። በዚያው ሰዓት በሰፈሩ ማዳበሪያውን ተሸክሞ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ልጅ አለ። ልጁ ሥራውን ነው የሚሠራው፤ ጠርሙሱንም ሸክላውንም በአንድ ዋጋ ይወስዳል። ዋጋ መለየት የእርሱ ግዴታ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው።

ባለቤት ከሆንን።